ከኒው ዮርክ ሲንጋፖር ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ስልካችሁን አውጡና ከኒው ዮርክ እስከ ሲንጋፖር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ጠይቁት። ዓይናችሁ ተከድኖ እስኪገለጥ 15,340 ገደማ ብሎ ይመልስላችኋል። የመንገደኛ ጄት በሰዓት ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይበራል። አካፍሉት። 17 ሰዓት። አለቀ ደቀቀ።

ከዚያ ትኬት ፍለጋ ትገባላችሁ። አንዱ በረራ 18 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይላል። ሌላው፣ መንገዱ ብዙም ሳይረዝም፣ 23 ሰዓት ይላል። ሰኞ ማታ የተነሳ ሰው ረቡዕ ንጋት ላይ ይደርሳል፤ ሲመለስ ግን በተነሳበት ቀን ይገባል። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ሌላ ነው። አውሮፕላኑ ሲሄድም ወደ ምሥራቅ፣ ሲመለስም ወደ ምሥራቅ የሚበርበት ቀን ብዙ ነው። ደርሶ መልስ ሲል ምድርን አንድ ጊዜ ዞራት ማለት ነው።

ይህን መስመር ለምሳሌ የመረጥኩት በዘፈቀደ አይደለም። የሲንጋፖር አየር መንገድ የሚበረው ይህ መስመር፣ ያለ ምንም ማረፊያ ከሚደረጉ መደበኛ የመንገደኛ በረራዎች ረጅሙ ተብሎ ለዓመታት ሲጠራ ቆይቷል። አጭር በረራ ላይ ተደብቀው የሚያልፉ ነገሮች እዚህ ገሃድ ይወጣሉ። የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ነፋስ አምስት ደቂቃ ቢያዛባ ማን ልብ ይለዋል? እዚህ ግን የነፋሱ ነገር ሙሉውን መንገድ ያስቀይራል።

ክሩን ሉሉ ላይ ወጥሩት

መጀመሪያ ርቀቱን እንያዝ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የዓለም ካርታ አስቡት። ኒው ዮርክ በግራ፣ ሲንጋፖር በቀኝ ናት። በማስመሪያ ብታገናኟቸው መስመሩ አትላንቲክን ያቋርጣል፣ ሰሃራን ይሰነጥቃል፣ የመን ላይ ያልፋል፣ የሕንድን ደቡባዊ ጫፍ ታክኮ ይሄዳል። ያ መስመር ወደ 18,500 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስልኩ ከነገረን በ3,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ታዲያ ካርታው ዋሽቷል? በርቀት ጉዳይ፣ አዎ። የለመድነውን ዓይነት ካርታ እ.ኤ.አ. በ1569 ያወጣው ጌራርዱስ መርካቶር ነው። ያሰበው ለመርከበኞች ነበር። አንድ መርከበኛ የኮምፓሱን አቅጣጫ ሳይቀይር ከወደብ ወደብ እንዲደርስ ያግዘዋል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ወደ ዋልታዎቹ በተጠጋን ቁጥር ሁሉም ነገር ይለጠጣል። ግሪንላንድ አፍሪካን አክላ ትታያለች፤ በእውነቱ አፍሪካ የእሷን 14 እጥፍ ናት።

ሉል ያለው ሰው ግን መልሱን በክር ማግኘት ይችላል። ክሩን ሁለቱ ከተሞች ላይ ያዙና ወጥሩት። ወደ ምሥራቅም ወደ ምዕራብም አይሄድም። ወደ ላይ፣ ወደ ሰሜን ዋልታ ነው የሚወጣው። በአቪዬሽን ቋንቋ ይህ በሉል ላይ ያለው አጭሩ መንገድ ግሬት ሰርክል ይባላል።

ለእነዚህ ሁለት ከተሞች ሒሳቡን እንኳ በወረቀት መሥራት ይቻላል። ለሌሎች እንዲህ አይቀልም፤ ዕድሉን እንጠቀምበት። ኒው ዮርክ በ74 ዲግሪ ምዕራብ ኬንትሮስ ላይ ናት። ሲንጋፖር በ104 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ። ሲደመር 178። ግማሽ ዙር 180 ስለሆነ አንዷ ከሌላዋ በስተጀርባ ናት ማለት ይቻላል። ስለዚህ አጭሩ መንገድ በዋልታው አናት አጠገብ ያልፋል። አሁን ኬክሮሱን ውሰዱ። ኒው ዮርክ 40.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች እስከ ዋልታው 49.4 ዲግሪ ይቀራታል። ሲንጋፖር ምድር ወገብ ላይ ልትደርስ ትንሽ ነው የቀራት፤ 1.4 ዲግሪ ላይ ናት። ከዋልታው እስከ እሷ መውረድ 88.6 ዲግሪ ይሆናል። ድምሩ 138። አንድ ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ነው። ስታባዙት 15,340 አካባቢ ይመጣል።

በነገራችን ላይ የተለያዩ ድረ ገጾች የተለያየ ቁጥር ቢሰጧችሁ አትደንግጡ። አንዱ ከከተማ መሃል ይለካል፣ ሌላው ከኤርፖርት። አንዱ ምድርን ፍጹም ድቡልቡል ያደርጋታል፣ ሌላው ዋልታዎቿ ላይ ትንሽ ጠፍጠፍ ማለቷን ያስባል። አንዳንዱ ደግሞ በባሕር ማይል ይጽፋል፤ አንድ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ልዩነቱ እንቅልፍ የሚነሳ አይደለም። ከ20,000 ኪሎ ሜትር ብዙ የሚያልፍ ቁጥር ካያችሁ ግን ተጠራጠሩ። የምድር ዙሪያ 40,000 ገደማ ስለሆነ ከግማሹ በላይ የሚራራቁ ሁለት ከተሞች የሉም።

900 የሚባለው ፍጥነት

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት አየር ላይ የምትቆዩበት ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ከበሩ ተገፍቶ ከወጣበት ደቂቃ አንስቶ መድረሻው በር ላይ እስኪቆም ያለው ሁሉ ተደምሮ ነው። እስከ መንደርደሪያው መሬት ለመሬት መሄድ አለ። ተራ መጠበቅ አለ። አርፎም ሌላ መሄድ አለ። ትልልቅ ኤርፖርቶች ላይ ይህ ብቻውን ግማሽ ሰዓት ሊበላ ይችላል። አየር መንገዶችም ለመጠባበቂያ ጥቂት ደቂቃ ጣል ያደርጉበታል። ዘግይቶ የተነሳ በረራ አንዳንዴ "በሰዓቱ ደርሰናል" የሚለው በዚህ ነው። ትንሽ ብልጠት ናት፤ ግን ማንንም አትጎዳም።

900ውም ቢሆን ከላይ ከተደላደለ በኋላ ያለው ፍጥነት ነው። 11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚያ ብርድ ድምፅ በሰዓት 1,060 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ረጅም መንገድ የሚበሩ ዘመናዊ ጄቶች ከዚህ 85 በመቶውን ይዘው ይበራሉ። ለምን አይጨምሩም? ወደ ድምፅ ፍጥነት በተጠጉ ቁጥር አየሩ የሚይዛቸው ኃይል ድንገት ያሻቅባል፤ ነዳጁም አብሮ። ኮንኮርድ ይህን ግድግዳ ጥሶ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 2003 መንገደኛ አመላልሷል። በ1996 ከኒው ዮርክ ለንደን የደረሰው በ2 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ነው። ግን ነዳጅ እንደ ውሃ ይጠጣ ነበር፤ ፓሲፊክን ባንድ ትንፋሽ የማቋረጥ አቅምም አልነበረውም።

የነፋሱ ነገር

አሁን ወደ ዋናው መጣን። አውሮፕላን 900 ይበራል ስንል በአየሩ ውስጥ ማለታችን ነው። አየሩ ግን ቆሞ አይጠብቅም። ኤርፖርት ውስጥ ያለውን ተንቀሳቃሽ ወለል አስቡት። እናንተ በራሳችሁ እርምጃ ነው የምትሄዱት፤ ወለሉ ግን ወደፊት ይዟችሁ ይሄዳል። በተቃራኒው አቅጣጫ ብትሄዱበት ደግሞ ላብ ያጠምቃችኋል።

በሰማይ ያለው ወለል ጄት ስትሪም ይባላል። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ማለትም አውሮፕላኖች በሚበሩበት ልክ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጠባብ የነፋስ ወንዝ ነው። በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ይጀምርና አንዳንዴ ከ300 ያልፋል። የሚፈጥረው በቀዝቃዛው የዋልታ አየርና በሞቃቱ የደቡብ አየር መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ነው። የምድር መሽከርከር ደግሞ ወደ ምሥራቅ ያጥፈዋል። በሰሜኑ የብርድ ወራት ልዩነቱ ስለሚሰፋ ነፋሱም ይበረታል።

ይህን ነፋስ ቀድሞ በሥርዓት የለካው ዋሳቡሮ ኦኢሺ የተባለ ጃፓናዊ የሜትሮሎጂ ሰው ነው። በ1920ዎቹ ፊኛ ወደ ሰማይ እየለቀቀ አካሄዳቸውን በመሣሪያ ይከታተል ነበር። ውጤቱን ያሳተመው በኤስፔራንቶ ነው። ኤስፔራንቶ የዓለም ሕዝብ ሁሉ እንዲግባባበት ተብሎ የተፈጠረ ቋንቋ ነው። ሰውየው ዓለም ያንብበው ብሎ ጻፈ፤ ዓለም ግን ኤስፔራንቶ አይችልም። ከጃፓን ውጭ ልብ ያለው አልነበረም ማለት ይቻላል። ሁለት አሥርት ዓመታት ቆይቶ የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች በጃፓን ሰማይ ላይ ከዚያ ነፋስ ጋር ሲገናኙ ግራ ተጋቡ።

ለንደንና ኒው ዮርክን ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ርቀቱ ወደ 5,550 ኪሎ ሜትር ነው። ወደ ኒው ዮርክ ሲሄዱ 8 ሰዓት አካባቢ፣ ወደ ለንደን ሲመለሱ 7 ሰዓት አካባቢ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020፣ ኪያራ የተባለው ማዕበል አትላንቲክ ላይ ሲያልፍ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ከኒው ዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገባ። ከመሬት አንጻር ፍጥነቱ 1,327 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። የድምፅን ፍጥነት አለፈ ማለት ግን አይደለም። በአየሩ ውስጥ ያው የተለመደ ፍጥነቱን ይዞ ነበር፤ ቀሪው የወለሉ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። "ሲሄድ ያዘገየኛል፣ ሲመለስ ይክሰኛል፤ ስለዚህ ይጣፋል" ይላል። አይጣፋም። 7,200 ኪሎ ሜትር መንገድ ውሰዱ። ነፋስ ከሌለ በ900 ሲበር መሄጃው 8፣ መመለሻው 8፣ በጠቅላላው 16 ሰዓት ነው። አሁን 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚነፍስ ነፋስ አስገቡ። ከኋላ ሲገፋ ፍጥነቱ 1,000 ይሆንና 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይፈጃል። ከፊት ሲመጣ 800 ይሆንና 9 ሰዓት ይፈጃል። ድምሩ 16 ሰዓት ከ12 ደቂቃ። 12 ደቂቃ ተበልታለች። ምክንያቱም ክፉው ነፋስ ውስጥ የምትቆዩበት ጊዜ ከደጉ ይረዝማል።

ሌላም አለ። "ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትሽከረከር፣ አውሮፕላኑ ተነስቶ ባለበት ቢቆይ ከተማዋ ራሷ ትመጣ የለም ወይ?" የሚል ጥያቄ። ምድር ወገብ ላይ መሬቱ በሰዓት ወደ 1,670 ኪሎ ሜትር ይዞራል፤ ስለዚህ ጥያቄው ሞኝ አይደለም። ግን አየሩም፣ ኤርፖርቱም፣ አውሮፕላኑም አብረው ነው የሚዞሩት። መንኮራኩሩ መሬት ሲለቅ ያንን ፍጥነት አራግፎ አይነሳም።

ይህ ሁሉ ከገባን የኒው ዮርክና የሲንጋፖሩ እንቆቅልሽ ይፈታል። ሁለቱ ከተሞች በስተጀርባ ለጀርባ ስለሆኑ በምሥራቅም በምዕራብም መንገዱ ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ምርጫው ለነፋሱ ይተዋል። ከኒው ዮርክ ሲነሳ ብዙ ጊዜ አትላንቲክንና አውሮፓን ይዞ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ከሲንጋፖር ሲነሳ ፓሲፊክን አቋርጦ፣ አሁንም ወደ ምሥራቅ። ከ15,340 በላይ፣ አንዳንዴም ከ16,000 በላይ ኪሎ ሜትር ይበራል። መሬት ላይ ሲለካ ረዘመ፤ በአየሩ ውስጥ ሲለካ ግን አጠረ። ፓይለቶች ስለ ርቀት ሲያወሩ የሚያሳስባቸው ይህ ሁለተኛው ነው። መንገዱም ቋሚ አይደለም። ከመነሳቱ ጥቂት ሰዓታት ቀደም ብሎ የበረራ ዕቅድ ባለሙያዎች የዕለቱን የነፋስ ትንበያ ኮምፒውተር ላይ አስገብተው ያወጡታል። የትናንቱ አውሮፕላን ያለፈበት ሰማይ ላይ የዛሬው ላያልፍ ይችላል።

ነዳጅ ለመሸከም የሚቃጠል ነዳጅ

ረጅም በረራ ከአጭር በረራ ተባዝቶ የሚገኝ አይደለም። 18 ሰዓት የሚበር አውሮፕላን በመጨረሻዋ ሰዓት የሚያቃጥላትን ነዳጅ ለ17 ሰዓት ተሸክሟት ይበራል። ያንን ለመሸከም ደግሞ ሌላ ነዳጅ ያቃጥላል። ለዚህ መስመር የተዘጋጀው ኤርባስ A350-900ULR 165,000 ሊትር ይይዛል። ይህ ወደ 130 ቶን ነው። አውሮፕላኑ ሲነሳ የሚፈቀድለት ከፍተኛ ክብደት 280 ቶን መሆኑን አስቡ። ግማሽ ያህሉ ነዳጅ ነው።

ስለዚህ ሰው መቀነስ አለበት። ወንበሮቹ 161 ብቻ ናቸው፤ 67 ቢዝነስ፣ 94 ፕሪሚየም ኢኮኖሚ። ተራ ኢኮኖሚ የሚባል ነገር የለም። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2004 ከኒው ዮርክ አጠገብ ወዳለችው ኒውዋርክ ባለ አራት ሞተር A340-500 ይዞ ጀምሮት ነበር። ነዳጁ አላዋጣ ብሎ በ2013 ተወው። በ2018 ባለ ሁለት ሞተሩ A350 ሲመጣ ነው የተመለሰው።

ታዲያ መሃል ላይ አርፎ ነዳጅ ቢቀዳስ? ይቻላል። ያው አየር መንገድ በፍራንክፈርት በኩልም ኒው ዮርክ ይበራል። ሲንጋፖር ፍራንክፈርት 10,300 ገደማ፣ ፍራንክፈርት ኒው ዮርክ 6,200 ገደማ፤ ድምሩ 16,500 ኪሎ ሜትር። ከአጭሩ መንገድ የሚበልጠው በ1,150 ገደማ ነው፤ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙም የማይበልጥ በረራ። ጉዞው ግን 23 ሰዓት አካባቢ ይሆናል። ሰዓቱን የሚበላው ርቀቱ አይደለም። መውረዱ፣ መሬት ላይ መቆሙ፣ እንደገና መውጣቱ ነው። ሁለቱም ክፍሎች ደግሞ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘው ወደ ምዕራብ ናቸው።

ሰኞ ተነስቶ ረቡዕ

የሰዓት ልዩነቱ ሰው የሚያደናግረው በትኬት ላይ ሁለቱም ሰዓቶች የየከተማቸው ስለሆኑ ነው። መፍትሔው አንድ ነው፤ ሁለቱንም ወደ አንድ ከተማ ሰዓት መመለስ።

እንበል አውሮፕላኑ ከኒው ዮርክ ሰኞ 22:00 ላይ ተነሳ። 18 ሰዓት ከ40 ሲጨመር በኒው ዮርክ ሰዓት ማክሰኞ 16:40 ይሆናል። ኒው ዮርክ ሰዓቷን ወደፊት በምትገፋባቸው የሙቀት ወራት ሲንጋፖር በ12 ሰዓት ትቀድማታለች። ስለዚህ ደራሹ ረቡዕ 04:40 ላይ ይወርዳል። ማክሰኞ የሚባለው ቀን ወንበር ላይ አለቀ። ሲመለስ ከሲንጋፖር ሰኞ 12:00 ላይ ተነስቶ 18 ሰዓት ቢበር፣ በሲንጋፖር ማክሰኞ 06:00 ነው። ኒው ዮርክ ላይ ግን ገና ሰኞ 18:00። በሌላው ወቅት ልዩነቱ 13 ሰዓት ይሆናል፤ ሲንጋፖር ሰዓቷን አትነካካም።

ፓሲፊክ ላይ ነገሩ ይብሳል። ከቶኪዮ በ17:00 ተነስቶ 10 ሰዓት የበረ ሰው ሎስ አንጀለስ የሚደርሰው በዚያው ቀን በ11:00 ነው። ከመነሳቱ በፊት ደረሰ። የቀን መለወጫውን መስመር ስላቋረጠ እንጂ ወጣትነቱ አልተመለሰለትም።

ለ850 አካፍሉ፣ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ

ለማንኛውም ሁለት ሩቅ ከተሞች የምጠቀምበት ቀላል ዘዴ ይህ ነው። የግሬት ሰርክሉን ኪሎ ሜትር ለ850 አካፍሉ፤ ለመውጫና ለመውረጃ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ለኒው ዮርክና ሲንጋፖር 18 ሰዓት ተኩል ያወጣል። ለለንደንና ኒው ዮርክ 7 ሰዓት። ለሲድኒና ሎስ አንጀለስ፣ 12,050 ኪሎ ሜትር፣ 14 ሰዓት ከ40 ገደማ። ወደ ምሥራቅ ከሆነ ትንሽ ቀንሱ፣ ወደ ምዕራብ ከሆነ ትንሽ ጨምሩ።

ዘዴው ድንገት የሚከዳችሁ ቦታ ግን አለ። ለንደንና ቶኪዮን ሞክሩት። 9,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከ12 ሰዓት በታች ይሰጣል። ትኬቱ ግን 14 አካባቢ ይላል። ሄልሲንኪና ቶኪዮን ስትሞክሩ ደግሞ ይብሳል። 7,800 ኪሎ ሜትር፤ በስሌቱ 9 ሰዓት ከ40። ትኬቱ 13 ይላል።

ነፋስ ይህን ያህል አያዘገይም። ድንበር ነው። አጭሩ መንገድ በሩሲያ ላይ ያልፋል። በፌብሩዋሪ 2022 የዩክሬኑ ጦርነት ሲጀመር የአውሮፓ አገሮች ሰማያቸውን ለሩሲያ አውሮፕላኖች ዘጉ፤ ሩሲያም አጸፋውን መለሰች። ክሩ ሉሉ ላይ የሚያሳየው መንገድ አሁንም እዚያው ነው። አውሮፕላኑ ግን ወይ ከሩሲያ በስተደቡብ፣ ወይ በሰሜን ዋልታ በኩል ይዞራል።

የፊንላንዱ ፊንኤር ለዚህ አዲስ አይደለም። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የሶቪየት ሰማይ ዝግ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ከሄልሲንኪ ቶኪዮ ሳያርፍ የሚደርስ መስመር በDC-10 ከፍቶ ነበር። በሰሜን ዋልታ ላይ አልፎ፣ በአላስካና በሶቪየት ኅብረት መካከል ባለው ጠባብ ባሕር ሾልኮ ይወርዳል። 13 ሰዓት ገደማ ይፈጅበት ነበር። በ2022 እንደገና ዋልታውን ይዞ ሲነሳ አውሮፕላኑ A350 ሆኗል። ሰዓቱ ያው 13 ነው።